ሲሙሌሽን ላይ ሁለቱም ኤልኢዲ በርተው ቀሩ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

የማታ ተማሪ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኤሌክትሮኒክስ ከጀመርኩ ሦስት ወር ቢሆነኝ ነው። ትራንዚስተር እንዲገባኝ ብዬ ኤልቲስፓይስ የሚባለውን ሰርኪት በኮምፒውተር የሚሞከርበት (ሲሙሌሽን) ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። የሞከርኩት ያን የታወቀውን ነው፤ ሁለት ኤልኢዲ በየተራ የሚያበራውን። ሁለት ቢሲ547 ትራንዚስተሮች፣ ወደ ቤዞቹ (መቆጣጠሪያ እግሮቻቸው) ሁለት 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ ከአንዱ ኮሌክተር (ከረንት ከሚገባበት እግር) ወደ ሌላው ቤዝ የሚሻገሩ ሁለት 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች፣ ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ 470 ኦም፣ 9 ቮልት ባትሪ።

ራን ሳደርገው ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሁለቱም ኤልኢዲ በርተው ቁጭ! የሚገርመው ወንድሜ ያንኑ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ሰክቶት ብልጭ ድርግም ይላል። እኔ ስሰማ የኖርኩት ተቃራኒውን ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ በእጅ ሲሞከር እምቢ ይላል። የእኔ ለምን ተገለበጠ?

ሁለተኛ ዓመት
የካፓሲተሩን ዋጋ እንዴት ጻፍሽው? “10ኤፍ” ካልሽው ኤልቲስፓይስ 10 ፌምቶፋራድ ነው የሚለው፤ ከምንም የማይቆጠር ኢምንት። “10ዩ” መሆን አለበት። ሬዚስተር ላይም “1ኤም” ማለት ሚሊ ነው፤ ሜጋ ስትፈልጊ “ሜግ” ብለሽ ሦስቱንም ፊደል ጻፊ። እኔ በዚህች ነገር አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

የማታ ተማሪ
10ዩ ነው ያልኩት። ጊዜውንም 5 ሰከንድ አድርጌዋለሁ።

ጠጋኙ
ልጄ፣ እኔ ሬዲዮ ስጠግን ኮምፒውተር አልነበረም። ወንድምሽ የሠራው ከሠራ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ትራንዚስተር በእጅ ሲነካ ነው የሚገባው። ስትሰኪ ግን እግሩን ተጠንቀቂ። ቢሲ547ን ጠፍጣፋው ፊት ወደ አንቺ፣ እግሩ ወደ ታች ሆኖ ስታዪው ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። 2ኤን3904 የሚባለው ሌላው ትራንዚስተር ደግሞ ተገልብጦ ከኤሚተር ይጀምራል። አንዱን በሌላው ቦታ የሰካ ሰው ሲያለቅስ ብዙ አይቻለሁ። ኮምፒውተርሽ ይህን አያስተምርሽም።

ሁለተኛ ዓመት
ገባኝ መሰለኝ! ሲሙሌሽን ውስጥ ሁለቱ ጎኖች ፍጹም እኩል ናቸው። ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው “ይግቡ”፣ “አረ እርስዎ ይቅደሙ” ሲባባሉ እንደሚቆሙት ማለት ነው። እውነተኛ ሬዚስተር 5 በመቶ ይዛነፋል፤ 47 ኪሎ የተባለው 45 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱን 46 ኪሎ አድርጊው፣ ይጀምራል።

የማታ ተማሪ
አደረግሁ። 45ም ሞከርኩ። አሁንም ቀጥ ያለ መስመር። ላብድ ነው።

የላብ ረዳት
እህቴ፣ ሰርኪትሽ ደህና ነው። የበሩ ምሳሌም ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ሁለቱም ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል።

ኤልቲስፓይስ ሰዓቱን ከማስጀመሩ በፊት “ይህ ሰርኪት ለዘላለም ተሰክቶ ቢቆይ የት ይረጋል?” ብሎ ያሰላል። በዚያ ስሌት ካፓሲተር የተቆረጠ ሽቦ ነው። እያንዳንዱ ቤዝ በ47 ኪሎው በኩል 0.18 ሚሊአምፔር ገደማ ያገኛል። የቢሲ547ቢ ጌይን (የቤዙን ከረንት ስንት እጥፍ እንደሚያደርገው) ከ200 ስለማያንስ ኮሌክተሩ ከ35 ሚሊአምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። 470 ኦሙና ኤልኢዲው ግን ከ14 እና 15 በላይ አያሳልፉለትም። ስለዚህ ሁለቱም ጠግበዋል፤ ሳቹሬሽን የሚሉት ይህን ነው። የጠገበ ትራንዚስተር ቤዙ ላይ ትንሽ ብትጨምሪም ብትቀንሺም ግድ የለውም። 46 ኪሎሽ ያልሠራው ለዚህ ነው።

ወንድምሽ ዘንድ ባትሪው ሲሰካ ካፓሲተሮቹ ባዶ ነበሩ። ትራንዚስተሮቹ ሳይጠግቡ ጉዞው ተጀመረ፤ በዚያች ቅጽበት ትንሿ ልዩነት ታሸንፋለች። ቮልቴጁን ቀስ እያልሽ ከዜሮ ብታሳድጊው የእሱም እንዳንቺው ሊቆም ይችላል።

መፍትሔው አንዱን በር ላይ ማስቀረት ነው። የአንደኛውን ትራንዚስተር ቤዝ ሽቦ ስም ስጪው። ከዚያ የመነሻ ሁኔታ ትእዛዝ ጨምሪ፤ ነጥብ፣ አይሲ፣ ከዚያ የዚያ ሽቦ ቮልቴጅ እኩል ይሆናል 0። 47ቱን ወደ ቦታው መልሺ፣ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ከሳጥኑ የሚወጣው ባዶ ኤንፒኤን ምልክት ጌይኑ 100 የሆነ ምናባዊ ትራንዚስተር ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ቢሲ547ቢን ምረጪ።

የማታ ተማሪ
ተነሳ!! ትራንዚስተሩ ባዶው ነበር፤ እሱንም ቀየርኩ። አሁን የቤዙን ቮልቴጅ ሳይ ወደ −6 ቮልትና ከዚያ በታች ይወርዳል። 9 ቮልት ባትሪ ብቻ ነው ያለኝ፤ ኔጋቲቩ ከየት መጣ?

የላብ ረዳት
ከካፓሲተሩ። ወደ 7 ቮልት ሞልቶ ሳለ የኮሌክተር በኩሉ በድንገት ወደ 0.2 ሲወርድ፣ የቤዝ በኩሉም ያንኑ ያህል ይወርዳል። ያ ቤዝ እስኪያገግም ትራንዚስተሩ ጠፍቶ ይቆያል። ሰርኪቱን በየተራ የሚያበራው ይህ ብቻ ነው። ይህን ግራፍ ደጋግመሽ እዪው፤ ብሬድቦርድ ላይ ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅን በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ) ከሌለሽ አይታይም። በነገራችን ላይ የቢሲ547 ቤዝ በተቃራኒው የሚችለው 6 ቮልት ነው። ሲሙሌሽኑ ዝም ይልሻል እንጂ ወንድምሽ በ5 ቮልት ቢሠራው ይሻላል።

ጠጋኙ
ይህንንስ እኔም ሳላውቀው ነው ስንት ዓመት የሠራሁት። በስልክ የሚሆን የለም ወይ?

ሁለተኛ ዓመት
ጋሼ፣ ፋልስታድ የሚባለውን ይሞክሩ። በብሮውዘር ይከፈታል፣ መጫን አያስፈልገውም። ከረንቱ በሽቦው ላይ እንደ ቢጫ ነጠብጣብ ሲሄድ ያዩታል። ይኸው ሰርኪትም ከምሳሌዎቹ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል።

የማታ ተማሪ
የመጨረሻ ጥያቄ። 0.69 ሲባዛ በ47 ኪሎ ሲባዛ በ10 ማይክሮ 0.32 ሰከንድ ይሰጠኛል። ግራፉ ግን ትንሽ ያጥራል።

የላብ ረዳት
ያ ቀመር ኮሌክተሩ እስከ 9 ቮልት ይወጣል ብሎ ያስባል። ኤልኢዲው ወደ 2 ቮልት ስለሚበላ ካፓሲተሩ አይሞላም፤ ቤዙም ብዙ ስለማይወርድ ቶሎ ይመለሳል። ኤልኢዲዎቹን አውጥተሽ በ470ዎቹ ብቻ ሞክሪው።