አቃቂ እንዴት የፋብሪካ ከተማ ሆነች? የቀድሞዋን ከተማ የምታውቁ አስረዱኝ

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መኖር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ወደ ሥራ ስሄድም ሆነ ስመለስ በአቃቂ አልፋለሁ፤ ነገር ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አቃቂ ለእኔ የመንገድ መጨናነቅ የሚጀምርባት ቦታ ከመሆን አልፋ አታውቅም ነበር። ባለፈው ሰሞን ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ መኪናው በወንዙ ድልድይ ላይ ቆሞ ሳለ፣ በመስኮቱ እያመለከቱ «ይህ እኮ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር» አሉኝ። ግራና ቀኙ በሰውና በሱቅ ተጨናንቆ እያየሁት «ነበር» ማለታቸው ገረመኝ። ልጠይቃቸው ስል «ወራጅ አለ» ብለው ወረዱ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ፋብሪካዎቹ ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚህ የተተከሉት ለምንድን ነው? የሚሠሩባቸው ሰዎችስ ከየት መጡ? አሁን የምናያቸው ረጃጅም የግንብ አጥሮች የምን ቅሪት ናቸው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የሐዲዱ ልጅ፦

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ከባቡሩ ብጀምር አይፈረድብኝም፤ ደግሞም ከእርሱ ካልተጀመረ የአቃቂ ታሪክ አይገባም። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ ከዚያም ብዙ ቆይቶ በ1907 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህም ማለት ለሁለት ዓመት ያህል የመስመሩ ጫፍ አቃቂ ነበረች፤ ከባሕር የመጣ ዕቃ እዚህ ይራገፍና የቀረውን 23 ኪሎ ሜትር በእንስሳት ጀርባ ይጓዝ ነበር። ዕቃ የሚራገፍበት ቦታ ደግሞ መጋዘን፣ ሸክም የሚያነሣ ሰው፣ ለዚያ ሰው ምግብና ማደሪያ የሚያዘጋጅ ቤት ይፈልጋል። ከተማዋ የተወለደችው እንዲህ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ነገር ውኃውና መብራቱ ነው። በ1904 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ በአዲስ አበባ ለነበሩት ጥቃቅን ፋብሪካዎች ኃይል እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ከታች በኩል የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። የማመንጨት አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ቢሆንም በጊዜው ቀላል አልነበረም። ለብዙ ዓመታት ሥራ ካቆመ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በቻይናውያን ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ለፋብሪካዎቹ ትልቁን በር የከፈተው ግን ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ነው፤ ከዚያ የሚመጣው ኃይል ወደ መዲናዋ የሚገባው በዚሁ በደቡብ በኩል ነበር። የህንዱ የቢርላ ቤተሰብ ኩባንያ ኢንዶ-ኢትዮጵያ የተባለውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በአቃቂ ያቋቋመው በዚሁ ወቅት መሆኑ እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይደለም። ጥጡ ከአዋሽ ሸለቆ ይመጣል፤ ውኃው ከወንዙና ከከርሰ ምድር ይገኛል፤ ገበያው ደግሞ ከሃያ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቅ ከተማ ውስጥ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ መሬቱም ከመሀል ከተማው የረከሰ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ለዓለም ንግግር ያሰሙት ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። የጣቢያውን ግንባታ የጀመረው አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ጠያቂ ከቃሊቲ፦

ይቅርታ፣ ስለ ሬዲዮ ጣቢያው ንግግር አንድ ቦታ 1935፣ ሌላ ቦታ 1928 የሚል ተጽፎ አንብቤአለሁ። የትኛው ነው ትክክል?

የሐዲዱ ልጅ፦

ሁለቱም ትክክል ናቸው። መስከረም 1928 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1935 ይሆናል። ስለ አቃቂ የተጻፈ ነገር ስታነቡ በቅድሚያ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጣሩ፤ አለበለዚያ ባቡሩ ሐዲዱ ሳይዘረጋ ይደርስባችኋል።

የፈተል ክፍል ጡረተኛ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ያነበበችልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ የምነግራትንም እየጻፈችልኝ ነው። በ1964 ዓ.ም. ከጉራጌ አገር አክስቴ ዘንድ መጥቼ ከዚህ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በፈተል ክፍል፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ተቀጠርሁ። በእኛ መስመር ላይ የቆሙት ሴቶች አንዷ ከወላይታ፣ አንዷ ከመንዝ፣ ሁለቱ እዚሁ የተወለዱ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ከከምባታም ነበሩ። የመጣነው ከየአገሩ ቢሆንም ዕቁቡ አንድ፣ ማኅበሩ አንድ፣ ለቅሶው አንድ ነበር።

የከተማው ሰዓት የፋብሪካው ጩኸት ነበር። ባለሱቁ ሱቁን የሚከፍተው፣ ጠላ ቤቷ ጠላዋን የምታወርደው፣ ልጆች ለትምህርት ቤት የሚነሡት በእርሱ ነው። ሥራው በሦስት ፈረቃ ስለነበር እኔና ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ የምንገናኘው በር ላይ ነበር፤ እርሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ የቤቱን ቁልፍ ይሰጠኝና «ሕፃኑ ተኝቷል» ብሎኝ ያልፋል። ስንወጣ የጥጥ ብናኝ ቅንድባችን ላይ ስለሚያርፍ በሃያ ዓመታችን ሽበታም እንመስል ነበር። ባለሱቆቹም ብናኛችንን አይተው «ደመወዝ መቼ ነው?» ይሉናል፤ ዱቤው እስከዚያ ነውና። ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ምሽት ላይ በከተማው የማይሸጥ ነገር አልነበረም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው የአራት ቀን አድማ ሲደረግ የነበረውን ጸጥታ አልረሳውም። ሴትየዋ ጎረቤታችን ጩኸቱ ስለቀረባት ቡናዋን እሳት ላይ ጥዳ ረሳችው፤ እስኪከስል ድረስ። በጥር 1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎቹ የመንግሥት ሆኑ፤ በሐምሌ ደግሞ ትርፍ ቤቶች ተወረሱና የቤት ኪራያችን ቀነሰ። ያን ዘመን የሚያመሰግንም የሚረግምም አለ፤ እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል።

ከገላን የተወለድሁ፦

የቀደሙት የጻፉት መልካም ነው፤ ግን ታሪኩ ከባቡር የሚጀምር ይመስላል። ባቡሩ ሳይመጣ በፊት እዚህ ሰው ነበር። ገላን የቱለማ ኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ማለት ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ጠያቂው ወንድሜ የሚኖርበትን ቦታ ስም ትርጉም እንዳያውቅ አልፈልግም። አያቶቼ በዚህ ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ፣ ሽንብራና ጓያ ያመርቱ ነበር። አፈሩ በክረምት ጫማን ከእግር ያወልቃል፤ በበጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በዚህ አፈር ላይ ቤት ሠርቶ ግድግዳው ያልተሰነጠቀበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ወንዙም ሁለት ነው። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ፣ ትንሹ አቃቂ በምዕራብ በኩል አዲስ አበባን አልፈው ይመጡና አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ለገዳዲና ገፈርሳ የተገደቡት በእነዚሁ ወንዞች ገባሮች ላይ ስለሆነ፣ መዲናዋ ንጹሑን ውኃ ከላይ ወስዳ ቆሻሻውን ወደ ታች ትልክልናለች። የአቃቂን የከርሰ ምድር ውኃም በጉድጓድ አውጥታ ሽቅብ ትስበዋለች። አባቴ በልጅነታቸው ከወንዙ ይጠጡ ነበር፤ እኔ በልጅነቴ ቀለሙን አይቼ በላይ በኩል ያለው ፋብሪካ በዕለቱ ምን ቀለም እንደነከረ እናገር ነበር። ዛሬ በዚሁ ውኃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል፤ አባ ሳሙኤልን ደግሞ እምቦጭ ወርሮታል።

ስለ ፋብሪካዎቹ መዳከም የጠየቀ ባይኖርም ልናገር፤ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ማሽኖቹ አረጁ፤ ቦንዳ ልብስና ርካሽ የእስያ ጨርቅ ገበያውን ያዘ፤ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ፋብሪካዎች ወደ ግል ሲዛወሩ አንዳንዱ ተረፈ፣ አንዳንዱ መጋዘን ሆነ። የድሮው ባቡርም ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በእንዶዴ በኩል ያልፋል። አዳዲሶቹ ፋብሪካዎች ደግሞ ሰፊ መሬት ፍለጋ ወደ ገላንና ወደ ዱከም ወጡ፤ የእኛ ማሳ ላይ ማለቴ ነው። አዛውንቱ «ነበር» ያሉትም ይህንኑ ይመስለኛል፦ አቃቂ ቀድሞ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ያላት ከተማ ነበረች፤ በኋላ የአዲስ አበባ አካል ሆና ከቃሊቲ ጋር በአንድ ክፍለ ከተማ ተጠቃለለች።

የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የቦታዬን ስም ትርጉም ስለነገርከኝ፣ ወንድሜ። እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፦ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት ውስጥ ለስምንት ሰዓት እንዴት ትነጋገሩ ነበር?

የፈተል ክፍል ጡረተኛ፦

በከንፈርና በጣት ነው፣ ልጄ። ድምፅ አናወጣም፤ ከንፈራችንን ብቻ እናንቀሳቅሳለን። ክር ሲበጠስ እንዲህ፣ ካቦ ሲመጣ ጆሮን መንካት፣ «ምሳ ይዘሻል?» ለማለት መዳፍን ማሳየት። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ የድሮ ባልደረባዬን ከመንገዱ ማዶ አየኋትና በመሃላችን ገልባጭ መኪኖች እየተመላለሱ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጇ ሠርግና ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተን ተለያየን። አጠገቤ የነበረችው የልጅ ልጄ አንዲት ቃል አልሰማችም።