«ማንበብ»፣ «ማስተዋል»፣ «መረዳት»፦ መጽሐፍ ቅዱስን ለራሴ ሳነብ የገጠሙኝ ቃላት

ወለተ ፊደል፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስን ራሴ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ያደግሁበትን እምነት ከሰው አፍ ብቻ ሰምቼ መኖሬ ከነከነኝ። የማነበው የእናቴን የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለምን «ይገባሃልን» ወይም «ትረዳዋለህን» አልተባለም? ለእኔ ሦስቱም አንድ ነበሩ። ሮሜ 8 መጨረሻ ላይ ደግሞ ጳውሎስ ሞትንም፣ ሕይወትንም፣ መላእክትንም ዘርዝሮ፣ አንዳቸውም ከእግዚአብሔር ፍቅር ሊለዩን እንደማይችሉ «ተረድቼአለሁ» ይላል። «ገባኝ» ማለቱ ነው ብዬ ሳነበው ዐረፍተ ነገሩ ቀዘቀዘብኝ። እባካችሁ አብራሩልኝ።

የንባብ ቤት ልጅ፦

እኅቴ፣ የቀዘቀዘብዎ በትክክል ነው፤ ጆሮዎ አልዋሸዎትም። ሦስቱ ቃላት አንድ አይደሉም።

ከ«አነበበ» ልጀምር። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። ነፍስ «ነባቢት» የምትባለውም ከዚሁ ነው። «አንበበ» ደግሞ አናገረ፣ እንዲናገር አደረገ የሚል ስሜት አለው። የሚያነብ ሰው ዝም ያለውን ፊደል ያናግራል ማለት ነው። ልጅ ሆነን የኔታ ፊት ተኮልኩለን፣ በስንጥር ፊደሉን እየነካን እንጮህ ነበር፤ ድምፅ ካልተሰማ ንባብ አይባልም። አሁን ወደ ጃንደረባው ይመለሱ። ፊልጶስ ወደ ሰረገላው ሮጦ «ሲያነብ ሰማው» ነው የሚለው። ኢሳይያስን ድምፁን አውጥቶ ያነብ ስለነበር ነው የተሰማው።

ግን ፊደሉን ማናገር አንድ ነገር ነው፣ የተናገረውን መያዝ ሌላ። የንባብ ቤት ተማሪ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ሳይሰናከል ያወርደዋል፤ ትርጉሙን ጠይቁት፣ ዝም ይላል። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ። ፊልጶስ የጠየቀው ይህንኑ ክፍተት ነው። በግሪኩ ለየት ያለ የቃላት ጨዋታ አለበት፤ «ማወቅ» እና «ማንበብ» የሚሉት ግሦች ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፣ ጥያቄው ቤት ይመታል። አማርኛው ያንን ሊይዝ አልቻለም፤ በምትኩ «አስተዋለ»ን አመጣ። «አስተውለህ ተሻገር» ስንል ዐይንህንም ልብህንም ሰብስብ ማለታችን ነው። «ገባኝ» ነገሩ ራሱ መጥቶ የገባበት ነው፤ «አስተዋልኩ» ግን ሰውየው የሠራው ሥራ ነው። ማቴዎስ 24፥15 ላይም «አንባቢው ያስተውል» ይላል። ለአንባቢ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፣ «ይግባው» ቢባል ትእዛዝነቱ ይጠፋ ነበር።

«ተረዳ» የበለጠ ይከብዳል። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። ጎረቤት ሌሊቱ ሳይነጋ በር ያንኳኳል፣ ሽማግሌዎች ገብተው ይቀመጣሉ፣ ቤተሰቡ ፊታቸውን አይቶ ይጠረጥራል። ከዚያ ሲነገር «ተረዳ» እንላለን። ጥርጣሬው ያን ጊዜ ያበቃል። «ማስረጃ» እና «አስረጂ» የምንለውም ከዚሁ ቤት ነው። ዕብራውያን 11፥1 እምነትን «የማናየውንም ነገር የሚያስረዳ» የሚለው የትምህርት ማብራሪያ ማለቱ አይደለም፤ ግሪኩ ማረጋገጫ የሚል ቃል ነው ያለው። ሮሜ 8 ላይም የግሪኩ ግሥ «ተማምኛለሁ፣ ጽኑ እምነት አድሮብኛል» ዓይነት ነው። እንግዲህ ጳውሎስ «ተረድቼአለሁ» ሲል ከእንግዲህ ወዲያ አልጠራጠርም እያለ ነው። ዛሬ በጋዜጣና በትምህርት ቤት «ተረዳ» ቀለል ብሎ «ገባው» ስለሆነ ነው ያሳሳተዎት።

አጥቢያ፦

ግሩም ነው። አንድ ልጨምር። ለራስ ማንበብ ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው ጳውሎስ የሰበከላቸውን የቤርያ ከተማ ሰዎችን ነው፣ ሐዋርያት ሥራ 17፥11። «ልበ ሰፊዎች ነበሩና» ይላል። ዛሬ ልበ ሰፊ ስንል ታጋሽ፣ ሰው የሚችል ማለታችን ነው። የግሪኩ ቃል በመነሻው ከመልካም ዘር የተወለደ፣ ጨዋ የሚል ነው። ተርጓሚዎቹ ጨዋነቱን ከዘር አውርደው ልብ ላይ ማስቀመጣቸው በጣም ያስደስተኛል። መጻሕፍትን «እየመረመሩ» የሚለውም ከልብ የተመረጠ ነው። በምዕራፍ 12 ሄሮድስ ጠባቂዎቹን ሲመረምር ያለው ያው የግሪክ ግሥ ነው፣ የችሎት ቃል። ጳውሎስ ራሱ ሰብኮላቸው እንኳ፣ ቃሉን ችሎት ፊት እንደቀረበ ጉዳይ አይተውታል።

ወለተ ፊደል፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጃንደረባው ግን «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። ታዲያ ራሴ ላንብብ ማለቴ ስሕተት ነው? አንድ ወዳጄ ይህንኑ ጥቅስ አንሥቶ ዝም አሰኝቶኛል።

የንባብ ቤት ልጅ፦

ወዳጅዎ ጥቅሱን ከመካከሉ ነው የቆረጠው። ቃላቱን እንለይ፤ «ለራስ ማንበብ» እና «ለብቻ ማንበብ» የተለያዩ ናቸው። ጃንደረባው መጽሐፉን ገልጦ የጀመረው ማንም ሳያዝዘው ነው፤ ፊልጶስ የደረሰው ንባቡ ከተጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ «ከእርሱ ጋር ይቀመጥ ዘንድ» ለመነው። ሰረገላው የጃንደረባው ነው፣ መጽሐፉም በእጁ ነው። ፊልጶስ መጽሐፉን ከእጁ ነጥቆ አልዘጋበትም፤ ጠይቆት ካቆመበት ከዚያው ክፍል ጀምሮ ነገረው።

የእኛ ሊቃውንትም «አንድም» እያሉ ሲተረጕሙ፣ አንዱን ፍቺ ሰጥተው ሌላውን በአጠገቡ ሲያኖሩ፣ አንድምታ የተባለውን ትምህርት ያቆዩልን ንባብ ብቻውን እንደማይበቃ ስለሚያውቁ ነው። ግን ንባቡን ሳያውቅ ትርጓሜ ቤት የገባ ተማሪ አላየሁም። መጀመሪያ ንባቡ ነው። የአቡ ሩሚ ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ሆኖ በአማርኛ ከታተመ ጀምሮ፣ ግእዝ ያልተማረም ሰው ከዚያው ንባብ መጀመር ይችላል። ስለዚህ ያንብቡ፤ የከበደዎትን ቃል በእርሳስ ምልክት ያድርጉበትና የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ያስቀምጡ።

ወለተ ፊደል፦

ዛሬ ሮሜ 8ን ድምፄን አውጥቼ አነበብኩት፣ «ተረድቼአለሁ» የሚለውን እንደ መርዶው ቤት ትርጉም እየሰማሁ። እናቴ ከማእድ ቤት ሰምታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «ዝቅታም ቢሆን» ላይ ስደርስ አስቆመችኝና «እዚህ ላይ ዝቅታ ምንድን ነው?» አለችኝ። አላወቅሁም። በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ።