በርካሽ የተሠራው የሰው-ተኩላ ፊልም ለምን አላረጀም?

ጠያቂ፦ ብርሃን ዘላፍቶ

ሰላም ለሁላችሁ። የአክስቴ ልጅ የሚኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። ለገና ሲመጣ በፍላሽ ይዞልኝ ከመጣቸው ፊልሞች አንዱ «ዶግ ሶልጀርስ» ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የወጣ፣ ኒል ማርሻል የተባለ እንግሊዛዊ ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ ምስሉንም ራሱ ያቀናበረው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። ስድስት የእንግሊዝ ወታደሮች ለልምምድ ወደ ስኮትላንድ ተራራማ ጫካ ይገባሉ፤ ማታ ሰው-ተኩላዎች ይመጡባቸዋል፤ ጫካው መሀል ያለ አንድ ብቸኛ ቤት ውስጥ ገብተው እስኪነጋ ለመቆየት ይታገላሉ። ታሪኩ ይኸው ነው።

የአክስቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በየዓመቱ ያየዋል። ንግግሩን በቃሉ ይዞታል፤ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት እሱ ይቀድመዋል። በጀቱ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው ይላሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው «ቫን ሄልሲንግ» 160 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ፣ ኮምፒውተር የሠራቸው ተኩላዎች ግድግዳ ለግድግዳ ሲራወጡበት አይቻለሁ፤ ዛሬ አንድ ትዕይንት አስታውሺ ብባል አልችልም። ይሄኛውን ግን፣ ተኩላው ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑን እያወቅሁ፣ ትራስ አቅፌ ነው የጨረስኩት። ምንድን ነው ምስጢሩ? ልምድ ያላችሁ አስረዱኝ። (ፊልሙን ያላያችሁ ተጠንቀቁ፤ መጨረሻው እዚህ መነገሩ አይቀርም።)

መልስ፦ ሲኒማ ወዳጁ

ምስጢር የለውም። ሰዎቹ በኋላ ታዋቂ ሆኑ። የልዩ ኃይሉን አዛዥ ሻምበል ራያንን የተጫወተው ሊያም ከኒንግሃም «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ዳቮስ ነው፤ ከስድስቱ ወታደሮች አንዱን ኩፐርን የተጫወተው ኬቨን ማኪድ «ግሬይስ አናቶሚ» ላይ ዶክተር ሆኖ ዓመታት ኖረ። ማርሻል ራሱ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ላይ ሁለቱን ትልልቅ የምሽግ ውጊያዎች አዘጋጅቷል። ሕዝቡ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያየው ለዚህ ነው። ፊልሙ አሜሪካ ሲደርስ እኮ ሲኒማ ቤት እንኳ አልገባም፤ በቀጥታ በሳይ ፋይ ቻናል ነው የታየው።

መልስ፦ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

ልጄ ብርሃን፣ እኔ የፊልም ሰው አይደለሁም። ልጆቼ አስፈሪ ፊልም ሲከፍቱ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ደጅ የምወጣ ሰው ነኝ። ይህን ፊልም ተቀምጬ የጨረስኩት ለተኩላው ብዬ አይደለም። ለጥይቱ ብዬ ነው።

ልብ ብለሽ ከሆነ፣ ስድስቱ ሲገቡ የያዙት የልምምድ ጥይት ነው፤ ድምፅ አለው እንጂ እርሳስ የለውም። የልዩ ኃይሉን ሰፈር ፈርሶ፣ ሻምበል ራያንን ብቻውን ቆስሎ እስኪያገኙት ድረስ በእጃቸው የሚገድል ነገር የለም። እዚያ የወደቀውን መሣሪያ ለቃቅመው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሂሳብ ነው። ማን ስንት ቀረው? ፎቁን ማን ይይዛል? የወጥ ቤቱን መስኮት በምን እንዝጋ? እኔ ባየኋቸው የአሜሪካ ፊልሞች ወታደሩ ጥይቱ አያልቅበትም፤ ሲተኩስ ውሎ ሲተኩስ ያድራል። እዚህ ግን ያልቃል። ማለቁን ደግሞ አንቺም ከእነሱ ጋር ትቆጥሪያለሽ። ስፑን የተባለው ልጅ ጥይት ሲያጣ በወጥ ቤት ዕቃ፣ በመጥበሻና በቢላዋ፣ በመጨረሻም በቡጢ ከአውሬው ጋር ሲጋጠም የሳቅሁት ሳቅ ጎረቤት አሰምቷል። ከአፍታ በኋላ ሲበላ ደግሞ የገዛ ወታደሬ የሞተብኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው ነገር ወሬያቸው ነው። ጫካ ውስጥ ገብተው የሚያማርሩት ስለምንድን ነው? የእንግሊዝና የጀርመን የኳስ ግጥሚያ ስላመለጣቸው ነው። ይህ እውነት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰሜን ግንባር ነበርኩ፤ ምሽግ ውስጥ ስለ ሞት የሚያወራ ሰው ትዝ አይለኝም። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ ጊዮርጊስና መቻል ነበር የምንጨቃጨቀው። የፊልም ጸሐፊዎች ይህን አያውቁም፤ ወታደር በተቀመጠበት ሁሉ ስለ ሀገርና ስለ መስዋዕትነት እንዲናገር ያደርጉታል።

በእሳቱ ዙሪያ የስድስቱ አለቃ ሃምሳ አለቃ ዌልስ የሚያወራውን ጨዋታ እዩት። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት አብሮት የነበረ አንድ ወታደር መቀመጫው ላይ የሰይጣን ሥዕል አስነቅሶ ነበር፤ ፈንጂ ረግጦ ሲበታተን ከገላው ሁሉ የተገኘው ሥዕሉ ያለበት ቁራጭ ብቻ ሆነ። ጨዋታው ሲጀመር ያስቃል፤ ሲያልቅ ማንም አይስቅም። ዝምታው ሳይለቅ የተዘነጠለ የላም ሬሳ ከላይ ወርዶ እሳቱ ላይ ይወድቃል። ደንግጬ ሻዬን ደፋሁ። ያስደነገጠኝ ላሟ ብቻ አይደለችም፤ ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ስለነበር ነው።

ሦስተኛው ራያን ነው። ገና ከመጀመሪያው፣ ዌልስ አገር ላይ በሚደረገው የልዩ ኃይል ምልመላ፣ ኩፐርን «ይህን ውሻ ግደል» ብሎ ያዘዋል። ኩፐር ያለ ምክንያት ውሻ አልገድልም ይላል። ራያን ራሱ ይገድለዋል፤ ልጁንም ከምልመላው ያባርረዋል። ተኩላ ከመምጣቱ በፊት የምንፈራውን ሰው አሳዩን ማለት ነው። በኋላ እነዚህ ስድስት ልጆች ጫካ የተላኩት ለልምምድ ሳይሆን አውሬውን ለመያዣ ማባበያ እንዲሆኑ መሆኑ ሲገለጥ አልገረመኝም፤ ተናደድሁ እንጂ። ዝቅ ያለ ማዕረግ ይዞ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ንዴት ያውቀዋል። ራያን ራሱ ሰው-ተኩላ ሲሆን ደግሞ አዲስ ነገር አልሆነም፤ የነበረው ወጣ።

ሲኒማ ወዳጁ፣ ተዋናዮቹ ኋላ ታዋቂ ሆኑ ብለሃል። እኔ «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን አላየሁትም። ሾን ፐርትዊን የማውቀው ሃምሳ አለቃ ዌልስን ሲጫወት ብቻ ነው፤ ይበቃኛል። ሆዱ ተዘርግፎ፣ ኩፐር አንጀቱን መልሶ በፈጣን ማጣበቂያ ሲዘጋለት፣ ውስኪ ጨልጦ «ምታኝና ራሴን ልሳት» ብሎ ሲለምን፣ ልጁ ቢመታውም ራሱን አልስት ሲል ያለውን ነገር ተመልከት። በገንዘብ የሚሠራ አይደለም። ሁለት ሰዎችና አንድ አልጋ ናቸው።

ተኩላውን አውጥታችሁ በሽፍታ ብትተኩት ፊልሙ ይቆማል። እኔ እንደዚያ ነው የማየው።

መልስ፦ መርፌና ክር

ሃምሳ አለቃ፣ ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን አልስማማም! ተኩላው ቢወጣ አይቆምም። እኔ ለመድረክ ቴአትር ልብስ እሰፋለሁ፤ የአንበሳም የዝንጀሮም ሰፍቻለሁ፤ ስለዚህ የማወራው ስለ ልብሱ ነው።

ተመልካች አውሬ ለብሶ የቆመን ሰው የሚያውቀው በፊቱ አይደለም፤ በጉልበቱ ነው። ፊቱን የቱንም ያህል ብታስውቢው፣ ሲራመድ ጉልበቱ እንደ ሰው ከታጠፈ ሕፃን እንኳ ይስቅብሻል። ማርሻልና የልብሱ ባለሙያ ቦብ ኪን ይህን ያውቁ ነበር (ኪን ከዚያ በፊት «ሄልሬዘር» ላይ የሠራ ሰው ነው)። ልብሱን ያለበሱት ለዳንሰኞች ነው፤ እግራቸውንም በማስረዘሚያ ከፍ አደረጉት። ስለዚህ አውሬው ጣራው ሊነካው የደረሰ ቀጭን ረጅም ሆነ፤ ቁመቱን የሚሸከመውም ሚዛን የሚያውቅ ሰው ነው። ፀጉሩንም አላበዙትም፤ የተኩላ ራስ በከሳ የሰው ገላ ላይ። በሩ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ከሚሮጠው ይበልጥ ያስፈራል። ብርሃን «ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑን እያወቅሁ» ብላለች፤ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ጥላው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ እውቀቱ አይረዳም።

ከሰው ወደ አውሬ መለወጡንስ? በ1981 የወጣው «አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን» ላይ ሪክ ቤከር አጥንት ሲረዝም፣ ቆዳ ሲወጠር በሙሉ ብርሃን አሳይቶ ለሜካፕ የተሰጠውን የመጀመሪያውን መደበኛ ኦስካር ወስዷል። በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ከዚያ ጋር መፎካከር ሞኝነት ነበር። ማርሻል አልተፎካከረም፤ ራያን ጠረጴዛ ሥር ይገባል፣ ሌላ ሆኖ ይነሳል። በኮምፒውተርም አልሞከረም። ሞክሮ ቢሆን ኖሮ የ2002 የርካሽ ኮምፒውተር ሥዕል ዛሬ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ላለማርጀቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፦ ላስቲክና ፀጉር ዱሮም ላስቲክና ፀጉር ነበር።

የተቀረጸው ደግሞ በሱፐር 16 ሚሊሜትር ፊልም ነው፤ ጫካውም የስኮትላንድ ሳይሆን የሉክሰምበርግ ነው። ይህ ጠባብ ፊልም የሚሰጠው ሻካራ ምስል ስፌት ይሸሽጋል። በ2022 በ4ኬ ታድሶ ሲወጣ «አለቀ፣ ዚፑ ሊታይ ነው» ብዬ ፈርቼ ነበር። አልታየም። ጨለማው ጨለማ ሆኖ ነው የተመለሰው።

መልስ፦ ከጀጎል ማዶ

እኔ ከሁላችሁም ያነሰ ነው የወደድሁት። ሜጋን አልተሠራችም። በወንዶች መሀል ብቸኛዋ ሴት ናት፤ በመኪናዋ ታድናቸዋለች፣ ቤቱን ታሳያቸዋለች፣ ሁሉንም ታውቃለች፤ በመጨረሻ ከተኩላዎቹ ወገን መሆኗን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ትናገርና ትጠፋለች። ለዌልስ አንጀት የተሰጠው ጊዜ ግማሹ ለእሷ ቢሰጥ ኖሮ ትልቅ ፊልም ይሆን ነበር። በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ግን አንድ ነገር ይዞኛል። እኔ ጅብ በስሙ ተጠርቶ ሥጋ ከሰው እጅ በሚበላበት ከተማ ነው ያደግሁት። ተኩላ አያስፈራኝም፤ የእኛ አገር ቀይ ቀበሮ ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ ፍልፈል አድኖ የሚኖር፣ ቁጥሩም 500 ገደማ የቀረ ምስኪን ነው። ሌሊት ሰው መስሎ አውሬ ስለሚሆን ፍጡር ስንሰማ ያደግነው ስለ ጅብ ነው፤ ቡዳ ጅብ ይሆናል እየተባለ። ታሪኩ ደግሞ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ስሙ የሚለጠፈው በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቆዳ ፋቂው ላይ ነበር፤ ቤተ እስራኤሎችም በዚህ ስም ብዙ ተንገላተዋል። አውሮፓም ከዚህ አልተሻለም፤ በ1589 ጀርመን ቤድቡርግ ላይ ፔተር ሽቱምፕ የተባለ ገበሬ ሰው-ተኩላ ነህ ተብሎ፣ በሥቃይ ተናዝዞ፣ በአደባባይ ተገድሏል።

ታዲያ ፊልሙ ላይ የገረመኝ፣ ተኩላዎቹ ማንም የሚጠቁምባቸው ምስኪኖች አለመሆናቸው ነው። ቤት አላቸው፤ ወጥ ቤት፣ ጓዳ፣ ምድር ቤት አላቸው። ወታደሮቹ በር ቆልፈው መስኮት የሚደፍኑት በገዛ አውሬዎቹ ቤት ውስጥ ነው። ውጭ ያለው ወደ ውስጥ ለመግባት የሚታገለው ቤቱ ስለሆነ ነው። እርግማን የሚያብራራ ሽማግሌ የለም፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚከፍት የለም። ለእኔ ሁለተኛ ጊዜ እንዳየው ያደረገኝ ይህ ነው፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ዝግጅት እንደገና ስታዩት ሁሉም ነገር ሌላ ትርጉም ይይዛል። ከብር የተሠራችውን የደብዳቤ መክፈቻ ቢላዋ አስተውላችኋል? ፊልሙ ሲጀምር ድንኳን ተክለው ካደሩት ጥንዶች ሴቲቱ ለወንዱ የሰጠችው ናት። መጨረሻ ላይ ኩፐር ምድር ቤት ውስጥ ራያንን የሚወጋው በእሷ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

መርፌና ክር፣ የጉልበቱን ነገር ስታነሽ እንደገና ከፍቼ አየሁት። ትክክል ነሽ፤ በሽፍታ መተካቱን ትቼዋለሁ። ሽፍታ ጣራ አይነካም።

ከጀጎል ማዶ፣ ስለ ሜጋን አልከራከርህም። ስለ ቤቱ ግን አንድ ልጨምር። ሰው ቤት ገብቶ የመሸገ ጦር መጀመሪያ የሚያደርገው ቤቱን መፈተሽ ነው፤ ምድር ቤቱን ሳይቀር። ዌልስ ደህና ቢሆን ኖሮ ያስፈትሽ ነበር። ያንን የሚያዝ አለቃ አልጋ ላይ ተኝቷል፣ መኮንኑ ራያን ደግሞ ስለ አውሬዎቹ የሚያውቀውን ደብቋል። ጸሐፊው ይህን አስቦበት ከሆነ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ጠያቂ፦ ብርሃን ዘላፍቶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሃምሳ አለቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የአክስቴ ልጅ መልስዎን በስልክ ሳነብለት «ሰውዬው ልክ ነው» እያለ ያቋርጠኝ ነበር። አሁን ቅዳሜ ከእህቶቼ ጋር ልናየው ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አነጋገራቸው ፈጣን ነው፣ ግማሹ አያስይዝም። እናንተ በምን አያችሁት?

መልስ፦ መርፌና ክር

የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከሥር አብሪው፤ እንግሊዝ አገር የኖሩ ዘመዶቼም እንደዚያ ነው የሚያዩት። የታደሰውን ቅጂ ካገኘሽ እሱን ምረጪ፤ አሮጌው በጣም ጨለማ ነው። ድምፁንም ከፍ አድርጊው። እህቶችሽ ነፍሰ ጡር ካለችባቸው ግን የላሟ ትዕይንት ሲደርስ ቡና እንድታፈላ ላኪያት።