ጥቆማ፦ ሃይላይፍ፣ አፍሮቢትስ፣ ሶካ ወይስ ዙክ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ናችሁ? ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነኝ። ለወንድሜ 40ኛ ልደት ዘፈን እየመረጥኩ ነው። እንግዶቹ ግማሹ ሐበሻ ነው፣ ግማሹ የሥራ ባልደረቦቹ፣ ጋናዎችና ትሪኒዳዶች። ሁሉንም ከወንበር የሚያስነሳው የቱ ነው?

የቀበና ልጅ፦ ዙክ! ካሳቭ የሚባለውን ባንድ ያልሰማ ጭፈራ አውቃለሁ አይበል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የጓዴሉፕንና የማርቲኒክን ሙዚቃ ይዘው ስንቱን አስጨፈሩት። ሌላው ጫጫታ ነው።

ማር እሸት፦ ከዘፈኑ በፊት ዲጄውን አጣሪ። የእህቴ ሰርግ ላይ «ሁሉም አለኝ» ብሎ ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ የተቀበለ ዲጄ ሌሊቱን ሙሉ የጃማይካ ዳንስሆል ብቻ ለቀቀብን። አክስቶቼ ኬክ ሳይቆረስ ተነስተው ሄዱ። ጉራግኛ ልቀቅልን ስንለው «ይመጣል» ይላል። እስካሁን አልመጣም።

አራዳው፦ ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ?! ቀብድ የሚባል ነገር አልሰማችሁም?

ማር እሸት፦ ቁስሌን አትንካ ወንድሜ።

ቦሌ ሚካኤል፦ ስፒከር ከመከራየት መግዛት ያዋጣል። ባለ 12 ኢንች ሁለት ይበቃሻል።

ጠያቂዋ፦ ስፒከር አለኝ እኮ 😅

አራዳው፦ የናይጄሪያውን ፌላ ኩቲን ክፈቺ። አንዱ ዘፈን ሳያልቅ ልደቱ ያልቃል፣ ዲጄም አያስፈልግሽ።

ሙዚቃ ወዳጅ፦ እህቴ፣ አትስሚያቸው። በሃይላይፍ ጀምሪ። የጋናው ኢ.ቲ. ሜንሳህ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ነው፣ ጥሩምባና ሳክስፎኑ ደስ ስለሚል የክቡር ዘበኛን ኦርኬስትራ የሚናፍቁ አባቶች አይቆጡም። የትሪኒዳድን ካሊፕሶም ይጫወት ስለነበር ለትሪኒዳዶቹ እንግዳ አይሆንባቸውም። ከራት በኋላ አፍሮቢትስ፣ የአሁኑ የናይጄሪያና የጋና ፖፕ። ብዙው በደቂቃ ከ100 እስከ 115 ምት አካባቢ ነው፣ ያልለመደም ሰው ይገባበታል። ሶካውን ግን ቤቱ ከሞቀ በኋላ ልቀቂው። ፈጣኑ ሶካ 160 ገደማ ይደርሳል፣ ወገብም ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ የትከሻ ሰዎች ነን። ሎርድ ሾርቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፕሶን ከትሪኒዳድ ህንዶች ምት ጋር ቀላቅሎ የፈጠረው ስለሆነ ትሪኒዳዶቹ ሲሰሙት አይቀመጡም። ብቻ የካሪቢያን ሁሉ አንድ ነው ብለሽ በሬጌ እንዳታስተናግጃቸው፣ እሱ የጃማይካ ነው።

የቀበና ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ሐተታ ለምን? ዙክ አልኩ፣ ዙክ ነው።

ቲጂ፦ ኮምፓስ? የሄይቲው፣ ኔሙር ዣን ባፕቲስት እ.ኤ.አ. በ1955 የጀመረው። ጥንድ ሆኖ ለመጨፈር እሱን የሚያህል የለም።

የቀበና ልጅ፦ ካሳቭን ሰምተሽ ታውቂያለሽ ቲጂ?

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ፣ ሁሉንም እያዳመጥኩ ነው። ቤቱ ጭር እንዳይልብኝ ብቻ ነው የምፈራው።

ማር እሸት፦ የዚያን ዲጄ ስልክ በውስጥ መስመር ልልክልሽ፣ ከደወለልሽ እንዳታነሺው።