በኬረላ የሙስሊሞች የዕድገት ፍጥነት እየወረደ ድርሻቸው የሚሰፋው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሕንዷ ኬረላ ግዛት ሁለት የሚጣረሱ ነገሮች አነበብኩ። አንዱ የሙስሊሞች ዕድገት ከቆጠራ ቆጠራ እየቀዘቀዘ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ከጠቅላላው ሕዝብ ያላቸው ድርሻ ከበፊቱ በባሰ ፍጥነት እየሰፋ ነው ይላል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ የመንግሥት ቆጠራ ነው። እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ? «በቅርቡ አብላጫ ይሆናሉ» የሚባለውስ? መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩን ብታሳዩኝ ራሴ አሰላዋለሁ።

ሰንጠረዥ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው። ካልኩሌተር ያዝ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1991፦ ጠቅላላ 29,098,518፣ ሙስሊም 6,788,364
2001፦ ጠቅላላ 31,841,374፣ ሙስሊም 7,863,842
2011፦ ጠቅላላ 33,406,061፣ ሙስሊም 8,873,472

መጀመሪያ የሙስሊሙን ቁጥር ብቻ ውሰድና የፊተኛውን ቆጠራ ከኋለኛው ቀንስ። በመጀመሪያው አሥር ዓመት 1,075,478 ሰው ተጨመረ፣ 15.8 በመቶ። በሁለተኛው 1,009,630፣ 12.8 በመቶ። ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የተጨመረው ሰው ራሱ አንሷል። የመጀመሪያው ጸሐፊ የያዘው ይህንን ነው።

አሁን የጠቅላላውን ቁጥር እንዲሁ ቀንስ። በመጀመሪያው 2,742,856፣ በሁለተኛው 1,564,687። የግዛቱ ጭማሪ በ43 በመቶ ወረደ። ስለዚህ ከተጨመረው መቶ ሰው ውስጥ ሙስሊሙ በመጀመሪያው 39 ነበር፣ በሁለተኛው ግን ከ64 በላይ ሆነ። ድርሻውም ከ23.3 ወደ 24.7፣ ከዚያ ወደ 26.6 ሄደ። መጀመሪያ 1.4 ነጥብ (የሁለቱ መቶኛዎች ልዩነት)፣ ቀጥሎ 1.9 ነጥብ ገደማ። ሁለተኛው ጸሐፊ የያዘው ደግሞ ይህንን ነው።

ነገሩን የለወጠው የሙስሊሙ ወሊድ መብዛት አይደለም፤ የሌላው መቆም ነው። የሂንዱው የአሥር ዓመት ዕድገት ከ7.3 በመቶ ወደ 2.2 ወረደ። ክርስቲያኑ ከ2001 እስከ 2011 ያደገው 1.4 በመቶ ብቻ ነው። ጎንህ ያለው መኪና ሲቆም አንተ ፍጥነት ቀንሰህም ቢሆን ትርቀዋለህ።

ብዙ ሰው የሚወድቅበትን አንድ ነገር ልጨምር። ከ24.7 ወደ 26.56 መሄድ የ1.86 ነጥብ ጭማሪ ነው፤ «ድርሻው በ7.5 በመቶ አደገ» ቢባልም ውሸት አይደለም። ርዕስ የሚያሞቅ ሰው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል። ቁጥር ስታይ «ነጥብ ነው ወይስ በመቶ?» ብለህ ጠይቅ።

«አብላጫ» ለሚለው፦ የ2001–2011 ፍጥነት ሳይነካ ይቀጥላል እንበል። ሙስሊሙ በየአሥር ዓመቱ በ1.1284፣ የቀረው ሁሉ ተደምሮ በ1.0231 ይባዛል። አንዱን ለአንዱ ስታካፍል 1.103 ይወጣል። በ2011 ለመቶ ሙስሊም ያልሆነ ሰው 36 ሙስሊም ነበር። ይህ 36 በ1.103 እየተባዛ መቶ እስኪሞላ ከአሥር በላይ ዙር ይፈልጋል፤ ከመቶ ዓመት ያልፋል ማለት ነው። ፍጥነቱ ደግሞ አሁን እንዳየኸው እየወረደ ነው። «በቅርቡ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ እነሱ ይወቁ።

የማላባር ጎዳና፦
ሰንጠረዥ ሒሳቡን ጨርሶታል፣ መልክዓ ምድሩ ግን ቀርቷል። በኬረላ 14 አውራጃዎች አሉ፤ ሙስሊም አብላጫ የሆነበት አንድ ብቻ ነው፣ ማላፑራም። በ2011 4,112,920 ሕዝብ ነበረው፣ 70.2 በመቶው ሙስሊም። ከግዛቱ ሙስሊም ሦስት አንድ እጁ እዚያ ይኖራል። ቀጥሎ ኮዚኮድ 39 በመቶ፣ ካሳራጎድ 37 በመቶ ነው። ሁሉም በሰሜን፣ ማላባር በሚባለው ክፍል።

ሰሜኑ በእንግሊዝ ዘመን በቀጥታ ከማድራስ ይገዛ ነበር። ደቡቡ የትራቫንኮርና የኮቺን ነገሥታት ግዛት ነበር፤ የቤተ መንግሥትና የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቀድሞ የተስፋፋውም እዚያ ነው። ሴት ልጅ ቀድማ የተማረችበት ቦታ ወሊድም ቀድሞ ወረደ። ማላፑራም አውራጃ የሆነው በ1969 ነው፤ የካሊከት ዩኒቨርሲቲም እዚያ የተተከለው በ1968 ነው። ስለዚህ የሰሜኑ ሙስሊም የሄደበት መንገድ ከደቡቡ ሂንዱና ክርስቲያን የተለየ አይደለም፤ ዘግይቶ የጀመረ ነው። «ሃይማኖት» ተብሎ ከሚቀርበው ልዩነት ብዙው ሰሜንና ደቡብ ነው ባይ ነኝ።

ውጤቱ በወንበር ይታያል። ባለፈው የምርጫ ክልል ሽግሽግ ማላፑራም በግዛቱ ምክር ቤት ከ12 ወንበር ወደ 16 ወጣ። በደቡብ የክርስቲያኑ ድርሻ ከፍ ያለበት ፓታናምቲታ አውራጃ ግን ወንበር አጣ። ከ2001 እስከ 2011 የማላፑራም ሕዝብ በ13 በመቶ ሲያድግ የፓታናምቲታ በ3 በመቶ ቀንሶ ነበር። የፖለቲካው ሙቀት የመጣው ከዚህ ነው።

ኢቃማ፦
ከላይ ባለው ሒሳብ ላይ አንድ ማስተካከያ አለኝ። የሕንድ ቆጠራ በቆጠራው ቀናት አገር ውስጥ ያልነበረን ሰው አይመዘግብም። በ2011 ቀናቱ ከየካቲት 9 እስከ 28 ነበሩ። ኬረላ ደግሞ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ውጭ ያላት ግዛት ናት፤ ከስደተኛው ከአሥሩ አራቱ ያህል ሙስሊም ነው። በሕዝብ ካላቸው ድርሻ እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ 26.56 የሚለው ቁጥር ቤቱ ኬረላ የሆነውን ሙስሊም ሁሉ አይጨምርም።

ግን ስደቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ገልፍ ያለ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል፤ ለሐበሻውም ለማላያሊውም (ለኬረላው ሰው) ሕጉ ያው ነው። ዜግነት የለም፣ ደሞዝህ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ሚስትና ልጅ በኢቃማህ (በመኖሪያ ፈቃድህ) ማስገባት አትችልም። ስለዚህ አባት ዱባይ ወይ ሪያድ ይሆናል፣ ሚስትና ልጆች ማላፑራም ይቆጠራሉ። ወደ አሜሪካና እንግሊዝ የምትሄደው ክርስቲያን ነርስ ግን ባልና ልጅ ይዛ ትሄዳለች፣ ልጆቿም እዚያው ይቀራሉ። አንደኛው ስደት አንድ ሰው ከቆጠራ ያወጣል፣ ሁለተኛው ቤቱን ከነልጅ ልጁ። የክርስቲያኑ ድርሻ በ1961 ከነበረበት 21.2 በ2011 ወደ 18.4 ሲወርድ ወሊድ ብቻውን አልሠራም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ግን አንድ ቦታ «ኬረላ ውስጥ ከሚወለዱት ከ40 በመቶ በላይ ሙስሊም ናቸው» የሚል አየሁ። ይህስ ከ26 ጋር እንዴት ይታረቃል?

ሰንጠረዥ፦
ቁጥሩ እውነት ነው፣ ከግዛቱ የልደት ምዝገባ የመጣ ነው። ስህተቱ ልጅን ከሕዝብ ጋር ማወዳደሩ ላይ ነው። የሚወልደው የ20ና የ30 ዓመት ሴት እንጂ አያት አይደለም፣ ሙስሊሙ ደግሞ በዕድሜ ወጣት ነው። የሌላው ወገን ሕዝብ በሽማግሌ የተሞላ ስለሆነ ሕዝቡ ውስጥ ይቆጠራል፣ ማዋለጃ ክፍል ግን አይገባም።

የወሊድ መጠኑን ብቻ ማየት ከፈለግህ የብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናቱን ተመልከት። በ2019–21ቱ ዙር አንዲት የኬረላ ሙስሊም ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 2.25፣ ሂንዱዋ 1.53 ልጅ ትወልዳለች ይላል። ሕዝብ ራሱን የሚተካበት ልክ 2.1 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዙር ለሙስሊሟ 1.86 ብሎ ነበር፣ አንዳንዱም ይህን አይቶ «ወሊድ ጨመረ» ብሎ ጮኸ። ጥናቱ ለመላው ግዛት አሥር ሺህ ገደማ ሴቶች የሚጠይቅ ናሙና ነው፤ በሃይማኖት ስትከፋፍለው ስህተቱ ይሰፋል። በዚያው ጊዜ በምዝገባ የሚታየው የልደት ብዛት እየወረደ ነበር። ሁለቱ ሲጋጩ ምዝገባውን አምናለሁ።

ምዝገባውንም በአውራጃ ስትጠቀም ተጠንቀቅ። ልጅ የሚመዘገበው የተወለደበት ሆስፒታል ባለበት ቦታ ነው፣ እናቱ በምትኖርበት አይደለም። ትልቅ ሆስፒታል ያለው ከተማ የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ ይወስዳል። ለግዛቱ ድምር ችግር የለውም፣ ለከተማ ግን ያሳስታል።

የማላባር ጎዳና፦
የ2021ዱ ቆጠራ ስላልተካሄደ አሁን የሚዘዋወር የሃይማኖት ድርሻ ሁሉ ወይ የ2011 ነው ወይ ግምት ነው። ቀጣዩ ቆጠራ መነሻ ቀኑ መጋቢት 1፣ 2027 ተብሏል። ያኔ ስታወዳድር የአሥር ሳይሆን የአሥራ ስድስት ዓመት ልዩነት መሆኑን አትርሳ፤ ጭማሪውን ወደ ዓመታዊ ሳትቀይር ከ12.8 ጋር ካጋጠምከው በዝቶ ይታይሃል።