«ተጣጣፊ አይሳ» ምን ማለት ነው?

ብራና፦
እንግሊዝ አገር ላሉ ቆጣቢዎች ስለ አይሳ (ISA፣ ከግብር ነፃ የሆነ የቁጠባ ሒሳብ) በአማርኛ የተዘጋጀ ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «የዘንድሮው የአይሳ አበልዎ 20,000 ፓውንድ ነው። ያልተጠቀሙበት ለከርሞ አይተላለፍም። ሒሳብዎ ተጣጣፊ ነው።» የመጨረሻዋ አልገባችኝም። የሚታጠፍ ሒሳብ እንዴት ያለ ነው? በምንስ ቃል ይተካ?

ጥቁር ቀለም፦
ተጣጣፊስ አልጋ ነው 😄 ከሱ በፊት ግን «አበል» ላይ እንቁም። አማርኛ አንባቢ አበል ሲባል የውሎ አበል፣ የጡረታ አበል ነው የሚታየው፤ መንግሥት ሃያ ሺህ የሚቆርጥለት ይመስለዋል። ገንዘቡ ግን የራሱ የቆጣቢው ነው። ከኤፕሪል 6 እስከ ቀጣዩ ኤፕሪል 5 ባለው የግብር ዓመት አይሳ ውስጥ ቢበዛ ይህን ያህል ያስገባል፤ ወለዱንም ትርፉንም ግብር አይነካውም። «ጣሪያ» ቢባል ያልቃል።

ዘሰዋስው፦
አበል ከግእዙ «በልዐ» (በላ) ነው። አብልዐ፣ አበላ፣ አበል። ዐይኑ ዐ አማርኛ ሲደርስ ተዋጠ። የሚበላ እንጂ የሚቆጠብ ነገር አበል አይባልም። ተርጓሚው ግስ ሳይገስስ ነው የተረጎመው።

የቅኔ ደጅ፦
መምህር፣ ከበልዐ የሚወጣው ስም መብልዕ ነው፤ አማርኛውም መብል ብሎ ተቀብሎታል። አበልን የት አገኙት? ድምፅ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ ማድረግ የገበያ ሥነ ቃል ነው።

ዘሰዋስው፦
አማርኛ ግእዝን እግር በእግር ይከተል ያለው ማን ነው? ደጅ ሳይሆን ውስጥ ገብተህ ብትማር ይህን አትጠይቅም ነበር።

ሰባት ቤት፦
«ጣሪያ»ም ያሳስታል። ጣሪያ የሚያምረው ፕሪሚየም ቦንድ (በወለድ ፈንታ ዕጣ የሚወጣለት የመንግሥት ቁጠባ) ላይ ነው፤ አንድ ሰው በጠቅላላው ከ50,000 ፓውንድ በላይ መያዝ አይችልም። አይሳ በየዓመቱ እየተጨመረበት 200,000 ቢደርስ ከልካይ የለውም፤ የተገደበው የዓመቱ ማስገቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ «የዓመት ማስገቢያ ገደብ»። እንግሊዝኛው ደግሞ ያንኑ «አላዋንስ» የሚል ቃል ከአይሳ ውጭ ላለ ወለድም ይጠቀምበታል፤ በመደበኛው የገቢ ግብር እርከን ያለ ሰው በዓመት 1,000 ፓውንድ ወለድ ከግብር ነፃ ያገኛል፣ ከፍ ባለው እርከን 500። እዚህ የሚቆጠረው ወለዱ ነው፣ እዚያ የሚገባው ገንዘብ። ሁለቱን «አበል» ያለ ሰው አንባቢውን ገደል ከተተው።

የቅኔ ደጅ፦
ወለድ ካነሳችሁ፣ ዳዊት በግእዙ መዝሙር 14 «ርዴ» የሚለውን አማርኛው «አራጣ» ብሎታል። ወለድ ግን ብር ብር ሲወልድ ነው፤ ወለዱም ወለድ ይወልዳል። 4 በመቶ በየወሩ እየታሰበ እዚያው ቢተው በዓመቱ 4.07 በመቶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ወለድ የሚሸሽ ፕሪሚየም ቦንድ ይግዛ ይላሉ፤ እሱ ወለድ የለውም፣ በየወሩ ዕጣ ነው የሚወጣው። ዕጣ ይሻላል ወይ የሚለውን ለንስሐ አባት ትቼዋለሁ።

ጥቁር ቀለም፦
እዚያው ወረቀት ላይ የላይፍታይም አይሳን (ለመጀመሪያ ቤት ወይም ለስተርጅና የሚቆጠብበትን) ማበረታቻ «ጉርሻ» ብለውታል፤ ይህኛው ተውጦልኛል። 4,000 ብታስገባ መንግሥት 1,000 ያጎርስሃል። ለመጀመሪያ ቤት ሳይሆን፣ 60 ሳይሞላህ፣ ለሞት የሚያደርስ ሕመምም ሳይኖርብህ ብታወጣው ግን ከጠቅላላው 25 በመቶ ይቆረጣል፤ ከ5,000ው 1,250 ሄዶ 3,750 ይቀርሃል። «ጉርሻው ይመለሳል» ብሎ የተረጎመ ሰው ዋሽቷል፤ ከራስህም ኪስ 250 ወጥቷል።

ዘሰዋስው፦
አንድ ጉርሻ ያጣላል። ጉርሻው የሚበላ ከሆነ አበሉም የሚበላ ነው፤ አላልኩም?

ሰባት ቤት፦
ብራና፣ ነገሩ ይህ ነው፦ 20,000 አስገብተህ 5,000 ብታወጣ፣ ሒሳቡ «ተጣጣፊ» ከሆነ እስከ ኤፕሪል 5 ያንኑ 5,000 መልሰህ ታስገባለህ፣ ገደብህ አይነካም። ካልሆነ የዓመቱ ገደብ አልቋል፤ ያወጣኸው እንደወጣ ይቀራል። የሚፈቅደው ሁሉም ባንክ አይደለም፤ ላይፍታይሙ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ የለም።

ብራና፦
እሱስ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ቃሉን ግን በምን ልተካው?

የቅኔ ደጅ፦
መጀመሪያ አበል ይለይለት። መምህር፣ መብልዕን ዘለሉት እኮ።