የላፕቶፕ ተጨማሪ ዋራንቲ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ አማክሩኝ። ጅማ ነው ያለሁት፣ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ላፕቶፕ ልገዛላት ነው። የአንድ አመት ዋራንቲ አለው፣ ሻጩ ግን ትንሽ ጨምረሽ ሶስት አመት አርጊው እያለ ወጥሮኛል። ወረቀቱን ሳነበው መውደቅና ውሃ መፍሰስን አይሸፍንም፣ ባትሪም የለበትም፣ እኔ ደሞ የምፈራው እሱኑ ነው፣ እዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ እያለ ቻርጀር ያቃጥላል፣ ስለሱ ምንም አልተፃፈም። ከተበላሸም የሚላከው አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የመላኪያውን ማን ይከፍላል ስለው መልስ የለውም። ብሩን ለስታቢላይዘርና ለጥሩ ቦርሳ ባውለው አይሻልም? ወይስ በሁለተኛው አመት ማዘርቦርዱ ቢሄድ ይቆጨኛል? በተጨማሪ ዋራንቲ የምር ያሰራ ሰው ካለ በናታችሁ ንገሩኝ፣ እስከ ቅዳሜ መወሰን አለብኝ።